የኮምቦልቻው ሣጥን ከዘጠኝ ወር በኋላ

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሦስተኛውን መሳቢያ ስስብ አሥራ አንድ ከእርሳስ ማዕድን የተሠሩ ትናንሽ የፕሩሲያ ወታደሮች ስኳር እንደተነሰነሰባቸው ነጭ ዱቄት ለብሰው አገኘኋቸው። ሻጋታ መሰለኝ። ደሴ በክረምት ጫማውም ቀበቶውም ይሻግታልና አልደነገጥኩም፤ በጨርቅ ጠረግ አድርጌ መለስኳቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስከፍተው ሠላሳ ደርሰዋል። አንዱ ከበሮ መቺ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ተበልቶ በግንባሩ ተደፍቷል።

ዕቃውን የገዛሁት ባለፈው ሚያዝያ ኮምቦልቻ ካለ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ከማቀዝቀዣውና ከፍራሹ ጋር ሸጦት የሄደ ነው። ባለ ስድስት መሳቢያ የኦክ እንጨት ሣጥን፣ በውስጡ 240 ከእርሳስ የተቀለጡ ወታደሮች፣ ከጎኑ በፌስታል የታጨቁ 146 የፕላስቲክ። ሁሉም በ6,500 ብር። ለማያውቅ ሰው ለመንገር ያህል፣ እነዚህ የሕፃን መጫወቻ አይደሉም። አዋቂዎች ጠረጴዛ ላይ ኮረብታና መንደር ሠርተው፣ ርቀቱን በማስመሪያ እየለኩ፣ ዕድሉን በዳይስ እየሞከሩ የሚዋጉባቸው ናቸው። ይህ ጨዋታ፣ የድሮዋ ጀርመናዊት አገር የፕሩሲያ ጦር ከ1824 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኮንኖቹን ያሠለጠነበት የጦርነት ጨዋታ የሩቅ ዘመድ ነው።

ነጋዴው ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ “ጋሼ፣ ሣጥኑ ብቻውን ገንዘብዎን ያወጣል።” ሁለተኛ፣ “የዓድዋ ዘማቾችም አሉበት።”

ልቤን ያሸፈተው ሁለተኛው ነው። ብሪቴንስ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውስጣቸው ክፍት የሆነ የእርሳስ ወታደሮች ሲሠራ የኖረ ነው፤ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን ዘበኞችና በባዶ እግራቸው የሚዘምቱ ኢትዮጵያውያንን ሳይቀር ለገበያ አውጥቶ ነበር። ኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላን ንጉሠ ነገሥቱ በሰፈሩባት ደሴ ላይ ቦምብ ሲያወርድ፣ ለንደን ያለ ሕፃን በእነዚያ ወታደሮች ይጫወት ይሆናል ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። አንዷን እንኳ ባገኝ ብዬ ሳልከራከር ከፈልኩ። ቤት ገብቼ በሬዲዮ መጠገኛው አጉሊ መነጽር ሳይ፣ የነጋዴው “ዓድዋ ዘማች” ነጭ ቀሚሱ ላይ ባለ ቀለም አራት ማዕዘን እራፊ ተለጥፎበታል። ደርቡሽ ነው፣ የሱዳኑ ማህዲ ተዋጊ! በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ አዘመተልኝ እንጂ፣ ሰውየው በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር የተዋጋው ወገን ነው። አሥራ ስምንት ናቸው፤ በጣም የሚያምሩ ደርቡሾች። ለዚህ ውሸት ይቅር ብዬዋለሁ። የሚያንገበግበኝ እውነት የሚመስለው የመጀመሪያው ነገር ነው።

ምክንያቱም የገደላቸው ሣጥኑ ነው። የኦክ እንጨት ለዘመናት ቢደርቅም አሲድ ይተነፍሳል፤ ኮምጣጤን ኮምጣጣ የሚያደርገው ያው አሲድ ነው። በተዘጋ መሳቢያ ውስጥ ትነቱ መውጫ የለውም፣ እርጥበት ሲጨመርበት እርሳሱን መብላት ይጀምራል። የተበላው እርሳስ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ያን ጊዜ አሲዱ ተመልሶ ይለቀቅና የሚቀጥለውን ይነክሳል። ዱቄቱ ከእርሳሱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥሩ ገፍቶ ያፈነዳዋል። ጥንት ቀለም ሠሪዎች እርሳስን ከኮምጣጤ ጋር በማሰሮ ዘግተው ነጭ ቀለም የሚያመርቱት በዚሁ መንገድ ነበር። እኔ 6,500 ብር ከፍዬ የቀለም ፋብሪካ ገዝቼ ነበር ማለት ነው።

አሁን ነጋዴው ፊት ለፊቴ ቢቀመጥ የሚለውን አውቀዋለሁ። “ጋሼ፣ እኔ ጋ እኮ ደህና ነበሩ!” አዎ፣ ነበሩ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። እኔ ሣጥኑን በሚኒባስ አናት ላይ አስሬ የሐረጎን ዳገት አወጣሁት፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ የሚከርምባት፣ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ገመድ ላይ የሚውልባት። እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው? ወንድሜ፣ ሣጥኑን እኮ በጣትህ እያንኳኳህ ነው የሸጥክልኝ! ደግሞም ማፈሬን አልደብቅም፦ ሠላሳ ዓመት ሬዲዮ በሊድ፣ ማለትም በእርሳስ ቅይጥ፣ ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝ። እርሳስ ምን እንደሚወድና ምን እንደሚጠላ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

መስከረም ሙሉውን መለየት ላይ ዋልኩ። ሰፌድ ላይ ዘርግቼ እንደ ምስር ለቀምኳቸው። ሁሉም እኩል አይበላም፤ ቆርቆሮ የበዛበት ቅይጥ ይቋቋማል፣ እርሳስ የበዛበት ይወድቃል። መለያው ቀላል ነው። የወታደሩን መቆሚያ ጠርዝ ወረቀት ላይ መጫር፤ ግራጫ መስመር ከተወ እርሳስ በዝቶበታል። ተማሪ ቤት እርሳስ ስንለው የኖርነው መጻፊያ ውስጡ እርሳስ የለውም፣ ግራፋይት ነው፤ እውነተኛው እርሳስ ግን ይኸው በስተርጅና ሲጽፍልኝ አየሁት። ቆርቆሮ የበዛበት ደግሞ መስመሩ ደብዛዛ ነው፣ ሲጎብጥም ቀጭን የስንጥቅጥቅ ድምፅ ያሰማል። ያን ለመስማት ብዬ የአንድ ፈረሰኛ ጎራዴ አጉብጬ ሰበርኩ። እሱን ሣጥኑ ላይ አላላክክም።

የተለዩትን ውጭ አውጥቼ በውሃ እያራስኩ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኳቸው። በደረቁ መፈተግ ክልክል ነው፤ ዱቄቱ መርዝ ነው፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለማ ጭራሽ አይነካም። በፀሐይ አድርቄ ቫርኒሽ ቀባኋቸው። ባለቤቴ ስለ ጉዳዩ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ሰፌዱ ወደ ማድ ቤት አይመለስም።” አዲስ ገዛሁ። ይህም በዋጋው ላይ ይታሰብ።

ከተበሉት 61 ውስጥ 22ቱ አልዳኑም። የቀሩት አሁን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፤ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የለቀምኳቸውን እርጥበት መጣጭ ትናንሽ ከረጢቶች አብሬ ከትቻለሁ። ከጥቅምት ወዲህ አዲስ ዱቄት ያየሁት በሁለት ብቻ ነው። ከበሮ መቺው በመዳብ ሽቦ እግር ተተክሎለት ቆሟል።

በፌስታል የመጡት 146 ፕላስቲኮች? ምንም አልሆኑም። ነጋዴው “እነሱን ለልጆች ይስጡልኝ” ብሎ ምርቃት አድርጎ የጣለልኝ፣ እኔም ሳልቆጥራቸው አልጋ ሥር የወረወርኳቸው። ግማሾቹ ኤርፊክስ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ሥራ ናቸው፣ ቁመታቸው ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም፣ ጥቁሩ ሰማያዊ ቀለም አሁንም አብሯቸው አለ። አሲዱ አይነካቸውም፤ እርጥበቱም ምን ሊያደርጋቸው? በብስጭት ውስጥ ያለ ሰው በነጻ ባገኘው ነገር እንዲህ ሲደሰት ማየት ያሳፍራል።

ጨዋታውስ? ጨዋታው ጥሩ ነው። ቅዳሜ ማታ ከእህቴ ልጅ ጋር ሰገሌን እንዋጋለን፤ ፕሩሲያዎቹ ወሎ ናቸው፣ ፈረንሳዮቹ ሸዋ። ንጉሥ ሚካኤል እስካሁን አራት ጊዜ አሸንፈዋል። ልጁ “አጎቴ፣ ታሪኩ እንዲህ አይደለም” ይለኛል። ደሴ ተወልዶ እንዲህ የሚል ልጅ ምን ይባላል?

ገንዘቤን አስቆጭቶኛል ወይ ብትሉኝ፣ ዝናብ ሲዘንብ አዎ እላለሁ። ትናንት ፀሐይ ነበረ፣ ደርቡሾቹን መስኮት ላይ ደርድሬ ስመለከት 6,500 ብር ርካሽ መሰለኝ።

ሣጥኑ ባዶውን ሱቄ ጥግ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት ቴሌቪዥን ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ መሳቢያውን እየሳበ ዋጋውን ጠየቀኝ። ምን ሊያስቀምጥበት እንደሆነ ጠየቅሁት። “ሸሚዝ” አለኝ። በጣቴ አንኳኳሁለት።