ቀድሞ ማከማቸት ወይስ ከአደጋው በኋላ መግዛት?

የዕርዳታ ድርጅቶች ድንኳን፣ ብርድ ልብስና የውኃ ማጣሪያ ለተጎጂዎች የሚያቀርቡት በሁለት መንገድ ነው፤ ዕቃውን አስቀድመው ገዝተው በመጋዘን ያቆያሉ፣ አለዚያም አደጋው ደርሶ ፍላጎቱ ሲታወቅ ይገዛሉ።

ቀድሞ የማከማቸት ብልጫ ፍጥነት ነው። በዓለም የምግብ ፕሮግራም የሚተዳደረው የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታ መጋዘኖች መረብ እንደ ብሪንዲዚ፣ ዱባይና ፓናማ ባሉ ማዕከላት የብዙ ድርጅቶችን ዕቃ በጋራ ስለሚያስቀምጥ፣ ጥያቄ በቀረበ በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ጭነት ማስነሣት ይችላል። ነገር ግን ገንዘብ በዕቃ ታስሮ ይቆያል፣ መድኃኒት የአገልግሎት ጊዜው ያልፍበታል፣ ለጋሾችም ገና ላልደረሰ አደጋ ገንዘብ ለመስጠት ያመነታሉ፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የከበደው እንቅፋት ይህ የመጨረሻው ነው።

በኋላ መግዛት ከትክክለኛው ፍላጎት ጋር ይጣጣማል፤ የአቅራቢያው ገበያ ካልተቋረጠም የማጓጓዣ ወጪ ይቀንሳል። ሆኖም ጨረታው ጊዜ ይወስዳል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሻማም ዋጋው ይንራል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ የፖርቶፕሪንስ ወደብ ሲጎዳና አንድ ማኮብኮቢያ ብቻ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ሲጨናነቅ እንደታየው፣ ዕቃው ከየትም ይምጣ መግቢያው ከጠበበ ሁለቱም ይዘገያሉ። ይህ እንዳለ ሆኖ፣ በድንገት ለሚደርስ የመሬት መንቀጥቀጥ ክምችቱን፣ ቀስ በቀስ ለሚከፋ ድርቅ ደግሞ ግዥውን እመርጣለሁ፤ ድርቅ ለጨረታ የሚበቃ ጊዜ ይሰጣልና፣ የማስጠንቀቂያው መረጃ በወቅቱ ከተነበበ።