ለክንድ ቀዶ ሕክምና፦ አድሬናሊን ወይስ ዴክሳሜታሶን?

ድሬዳዋ ላይ ከባጃጅ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ሰው ሙሉ ሰመመን ሳይወስድ፣ ክንዱን ብቻ በሚያደነዝዝ የነርቭ መርፌ ሊታከም ይችላል። ድንዛዜው እንዲቆይ ማደንዘዣው ላይ ምን ይጨመር፦ አድሬናሊን (ደም ሥርን የሚያጠብ መድኃኒት) ወይስ ዴክሳሜታሶን (ስቴሮይድ)?

ቆይታ፦ አድሬናሊን ሊዶኬይንን (አጭር ጊዜ የሚቆይ ማደንዘዣ) በደንብ ያራዝማል፤ ቡፒቫኬይን (ረጅም ጊዜ የሚቆይ ማደንዘዣ) ላይ ጭማሪው ትንሽ ነው። ከ4 እስከ 8 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን ግን ቡፒቫኬይንን በበርካታ ሰዓታት ያራዝመዋል። ሌሊቱን ያለ ሕመም ማደር ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ክንዱ እስከ ማግስቱ ላይታዘዝ ስለሚችል ቤተሰቡ «ሽባ ሆነ እንዴ?» ብሎ እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ይነገረው። ደግሞም ከስብራት በኋላ ጡንቻ ውስጥ ግፊት ቢፈጠር፣ ረጅም ድንዛዜ ዋናውን ምልክት፣ ሕመሙን፣ ሊደብቅ ይችላል።

ሥጋት፦ አድሬናሊን፣ ማደንዘዣው በስህተት ደም ሥር ከገባ፣ የልብ ምትን አፍጥኖ ያስጠነቅቃል፤ ለልብ ሕመምተኛ ግን ያሰጋል። ዴክሳሜታሶን የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል።

ዋጋ፦ ሁለቱም ርካሽ ናቸው።

መርፌውን እያዩ ለመምራት የሚረዳ አልትራሳውንድ ከሌለና ቀዶ ሕክምናው አጭር ከሆነ አድሬናሊንን እመርጣለሁ። ከባድ ሕመም ለሚያስከትል የአጥንት ሥራ፣ ስኳሩ ለተስተካከለ ሰው፣ ዴክሳሜታሶን ይሻላል፤ እሱንም ነርቭ አጠገብ ሳይሆን በደም ሥር መስጠት ተቀራራቢ ውጤት አለው።