ሱቅ ውስጥ የሰራው ጂፒኤስ ደብረ ብርሃን ላይ ጠፋ

ያገለገለ አይፓድ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። በተለይ ለመንገድ ካርታ ከሆነ የፈለጋችሁት።

ባለፈው ወር ለወንድሜ አንድ ገዛን። ሥራው ከአዲስ አበባ ደሴ መመላለስ ስለሆነ ከስልኩ ሰፋ ያለ ካርታ ፈልጎ ነው። ሻጩን «ጂፒኤስ አለው ወይ?» አልነው። «እንዴታ!» ብሎ በሱቁ ዋይፋይ ካርታውን ከፈተ። ሰማያዊዋ ነጥብ ልክ የቆምንበት ላይ ቁጭ አለች። አምነን ከፈልን።

130 ኪሎ ሜትር ነድተን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ነጥቧ አዲስ አበባ ናት። ካርታውን ቤት ሆነን አውርደነው ስለነበር መንገዱ ይታያል። እኛ ግን የለንበትም።

ለሻጩ ስንደውልለት «ሲም ስለሌለው ነው፣ ኢንተርኔት ይፈልጋል» አለን። ይሄ ሐሰት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ያምነዋል። ጂፒኤስ ሲምም ፓኬጅም አይፈልግም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እየዞሩ ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ያሰራጫሉ። መሣሪያው ውስጥ ያለው መቀበያ ማዳመጥ ብቻ ነው ሥራው። የአራቱን ከሰማ ቦታውን ያሰላል። ኢንተርኔት የሚጠቅመው የመጀመሪያውን ፍለጋ ለማፍጠን ነው። ከሌለ ደጅ ወጥቶ ትንሽ መታገስ ነው።

የእኛ ጣጣ ሌላ ነው። ዋይፋይ ብቻ ያለው አይፓድ መቀበያው ጭራሽ ውስጡ የለም። ሱቁ ውስጥ ቦታችንን ያወቀው በአካባቢው ባሉት ዋይፋዮች ነው። ገጠር መንገድ ላይ እነሱን ከየት ያመጣል? መቀበያው ያለው ሴሉላር በሚባለው፣ ሲም በሚቀበለው ዓይነት ላይ ነው። እሱ ሲም ባይገባበትም ይሰራል።

ስለዚህ ሰቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ግቡና አይኤምኢአይ (IMEI) የሚባለውን መለያ ቁጥር ፈልጉ። ካለ ሴሉላር ነው። የሲም ማስገቢያውን ብቻ አትዩ፤ ከአዳዲሶቹ አንዳንዶቹ ኢሲም (ካርድ የማይገባበት፣ ውስጡ ያለ ሲም) ብቻ ናቸው። የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ብዙዎቹ ዋይፋይ ብቻ ሆነውም ጂፒኤስ አላቸው። የአማዞን ፋየር ታብሌቶች አብዛኞቹ ግን የላቸውም።

ከሁሉም በላይ ደጅ አውጥታችሁ ሞክሩት። ካርታውን አውርዱ፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ጥቂት ጠብቁ፣ ከዚያ 200 ሜትር ያህል ተራመዱ። ነጥቧ አብራችሁ ካልሄደች አትግዙ። ሻጩ «ከሱቅ አይወጣም» ካለ ዝም ብላችሁ ሂዱ።

የእኛው ሰውዬ አልመልስም ብሏል። ወንድሜም አሁን ደሴ የሚሄደው በስልኩ ካርታ ነው።