ክሪኩ ሳይወርድ ለማያጠብቁት ጋሼ ምስጋና

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በመሃል ያለውን የሐረጎ መንገድ በቀን አንዴ እወርዳለሁ፣ አንዴ እወጣለሁ። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ጠመዝማዛ ነው፣ ክረምት ላይ ጉም ነው፣ ፊት ለፊትህ የተጫነ ሲኖትራክ፣ ከኋላህ የቸኮለ ሚኒባስ። መኪናዬ በፈረንጅ የ1999 ኮሮላ ናት። ይህን የምጽፈው የፊት እግሯን ጣጣ ለገላገሉኝ አንድ የደሴ መካኒክ ነው። ስሜን እንዳትጽፍ ብለውኛል። ሰፈሩ ጋሼ ስለሚላቸው እኔም ጋሼ እላለሁ።

ነገሩ የጀመረው በድምፅ ነው። ኮብልስቶን ላይ ስገባ ከቀኝ በኩል ቋ ቋ ትላለች። ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት፣ የቱ እንደሆነ ይቅር። "ሾክ አብዞርበር ነው" አሉኝ። (የድሮ ሹፌሮች አሞርዛተር የሚሉት ማለት ነው።) ሁለቱንም የፊቱን ቀየሩ፣ የታችኛውን አርም ቡሽም አብረው አደሱ። (አርሙ ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው ብረት ነው፣ ቡሹ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ ያለው ላስቲክ።) አራት ወር ጸጥ አለች። በአምስተኛው ያው ቋ ቋ ተመለሰ። ስመለስባቸው "የመንገዱ ነው፣ ምን እናድርግ ወንድሜ" ብለው ሸኙኝ።

ጋሼ ጋር የወሰደኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቆምናት። ኮፈኑን ተጭነው ሳያወዛውዙ ቀጥታ ገቡና አንድ ረጅም ብረት በአርሙ መሃል አስገብተው ገፋ ገፋ አደረጉት። "ና ውረድ እስቲ፣ በዓይንህ እየው" አሉኝ። ባትሪ አብርተው አሳዩኝ። የቡሹ ላስቲክ ጠርዙ እንደ ድርቆሽ ተሰነጣጥቆ ከብረቱ ተላቋል።

"ጋሼ፣ አራት ወር እኮ ነው የነዳሁበት!"

"አብሽር ልጄ። ክሪክ ላይ እንዳለች አጥብቀውት ነው።"

እኔ ስለ መኪና ይህን ያህል የተማርኩበት ቀን የለም። ቡሹ መሃል የብረት ቱቦ አለ፣ ላስቲኩ ከቱቦው ጋር ተጣብቋል። ቡሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ንቅንቅ አይልም። አርሙ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። ታዲያ ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ ላስቲኩ ማረፊያው ያ የተንጠለጠለው ቦታ ይሆናል። መኪናዋ ስትወርድ ገና ሳትነሳ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀመጣል። ቀሪውን ሐረጎ ይጨርሰዋል። ጋሼ ቡሎኑን አስገብተው በእጅ ያህል ይይዙትና፣ መኪናዋ በአራት ጎማዋ መሬት ከረገጠች በኋላ ጉድጓድ ወርደው ያጠብቁታል። ልዩነቱ ይህችው ናት።

ሾኮቹም ኮፒ ነበሩ፤ አንደኛው ዘይት ያንጠባጥባል። ስስ ወዝ ብቻ ቢሆን ችግር የለውም ነበር፣ ይሄ ግን እስከ ታች ወርዷል። የኔ ሐሳብ ጠንካራ የሚባለውን ሾክ ገዝቼ፣ ሞላው ሥር ጎማ አስገብቼ ከፍ ላስደርጋት ነበር። እዚህ ጋ ተቆጡ። ሞላው ክብደት ይሸከማል፣ ሾኩ የሞላውን ዝላይ ያበርዳል፤ ከፍ ስትል ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ተጣሞ ይሠራል፣ መጋጠሚያው ቶሎ ያልቃል አሉኝ። "አንተ የምትሄደው ኮምቦልቻ ነው ወይስ ደናክል?" ሲሉኝ ልጆቹ ሳቁብኝ።

ካርቶን ቀደው በእስክሪብቶ ጻፉልኝ። ሾክ፣ የጃፓኑ ኬዋይቢ ከተገኘ ይበቃል፤ ለቶዮታ ፋብሪካም የሚያቀርብ ነው። ቦል ጆይንት፣ ማለትም አርሙን ከጎማው በኩል የሚያገናኘው መጋጠሚያ፣ 555 የሚባለው ማርካ። ቡሽ ላይ ግን አትቆጥብ፣ ኦሪጅናሉን ፈልግ። ያገለገለ ሾክ በነፃም ቢሆን አትቀበል። ከታች ደግሞ ሁለት ቁጥር፣ 48510 እና 48520። የኮሮላ የፊት ሾክ ቁጥር በቀኝ 48510፣ በግራ 48520 ይጀምራል። ከመጠን በላይ ጠንቃቃ ናቸው ብዬ ነበር። ሱቅ ስደርስ ሻጩ ያወጣልኝ ሁለት ካርቶን ሁለቱም 48510! ሁለት ቀኝ ይዤ ልመለስ ነበር።

ሥራቸውን ቆሜ አየሁ። አዲሱን ሾክ ቀጥ አድርገው ሦስት አራት ጊዜ በእጅ ጫን ለቀቅ አደረጉት፣ ውስጡ የገባው አየር እንዲወጣ። ተለማማጁ ልጅ የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በፒንሳ ሊይዝ ሲል እጁን ቸብ አደረጉት። ዘንጉ ላይ የምትቀር ትንሽ ጭረት የዘይት መያዣውን ላስቲክ እየቆረጠች ታፈሰዋለች። ከላይ ያለውን መቀመጫና የአቧራ መከላከያውን አብረው ቀየሩ። ሁለቱንም ጎን፣ አንዱን ብቻ አይሠሩም።

ሲጨርሱ ወደ አላይመንት፣ የጎማውን አቅጣጫ ወደሚያስተካክሉት፣ ላኩኝ። 1,000 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ተመለስ፣ ቡሎኖቹን አያለሁ አሉ። ስመለስ ሳንቲም አልተቀበሉኝም፤ ጭራሽ ቡና ፈልቶ ስለነበር ቶናውን ጠጥቼ ነው የተነሳሁ። አሁን በወር አንዴ ራሴ አጎንብሼ ሾኩ ላይ የፈሰሰ ዘይት እንዳለ አያለሁ፣ በመዳፌ ጎማውን እዳስሳለሁ። ወጣ ገባ ብሎ ከተበላ ሾኩ ደክሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ክረምት ላይ ከሥሯ ያለውን ጭቃ አሳጥባለሁ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋን መድፋቷ ቀርቷል።

እንከናቸውንም ልናገር። ቀርፋፋ ናቸው። "ዛሬ ትወስዳለህ" ያሉኝ በማግሥቱ ነው ያለቀ። ስልክ አያነሡም። ኦሪጅናል ካልተገኘ እጃቸውን አያነሡም፣ መጠበቅ አለ።

ጋሼ፣ እጅዎን አይንሳን፣ ዕድሜ ይስጥልን። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ በአደባባይ አልለጥፈውም። ስትሄዱ የመኪናችሁን ሊብሬ ያዙ። አርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ግን አትሂዱ፣ ጁምዓ ላይ ናቸው።