ሲግናል፦ ማን ያየዋል? ማን ይከፍልለታል?

ሥራዬ የሰው ሂሳብ መያዝ ነው። ደንበኞቼ የባንክ መግለጫ፣ የደመወዝ ሰነድ፣ የብድር ውል በስልክ ይልኩልኛል። ለትዳር ጓደኛው እንኳ ያልነገረውን ዕዳ ለእኔ የሚያሳየኝ ሰው አለ። ስለዚህ የመልእክት መተግበሪያ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከላኪውና ከእኔ ሌላ ይህን ማን ያየዋል?» ብዬ ነው። አሁን ለሥራም ለቤተሰብም ሲግናልን እጠቀማለሁ። ወድጄዋለሁ። ቅር የሚለኝም ነገር አለ።

አጠቃቀሙ አያስቸግርም። ዋትስአፕ የለመደ ሰው ወዲያው ይግባባዋል። ጽሑፉ፣ የድምፅ መልእክቱ፣ የቪዲዮ ጥሪው፣ ሁሉም አለ። ማስታወቂያ የለውም። መልእክቱ ከላኪው ስልክ ሳይወጣ ይመሰጠራል፣ ማለትም ወደማይነበብ ምልክት ይቀየራል፤ የሚፈታው ደግሞ ተቀባዩ ስልክ ላይ ነው። መሃል ሆኖ የሚያቀባብለው የድርጅቱ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚባለው፣ የሚያስተላልፈውን ማንበብ አይችልም። የምታወሩት በእርግጥ ከምታስቡት ሰው ጋር መሆኑን ማጣራት ከፈለጋችሁ ለሁለታችሁም 60 አሃዝ ያለው አንድ ዓይነት የደኅንነት ቁጥር ይሰጣችኋል። እኔና እህቴ በስልክ አምስት አምስቱን አሃዝ እየተነባበብን አመሳክረናል። ጎን ለጎን ከተቀመጣችሁ ግን በካሜራ ማንበቡ ይቀላል።

ዋትስአፕም ከ2016 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሚመሰጥረው በዚሁ በሲግናል ስልት ነው። እኔን ወደ ሲግናል የሳበኝ ከመልእክቱ ውጪ ያለው ነገር ነው። ከማን ጋር፣ መቼ፣ በየስንት ጊዜው እንዳወራችሁ የሚያሳየው መረጃ ስለ ሰው ብዙ ይናገራል። ሲግናል ይህን መረጃ ከመነሻው እንዳያጠራቅም ሆኖ ነው የተሠራው።

ይህ ደግሞ በፍርድ ቤት በኩል ተፈትኗል። በ2016 የአሜሪካ ፌዴራል መርማሪዎች የተጠቃሚ መረጃ እንዲያስረክብ ትእዛዝ አመጡበት። ስለ ትእዛዙ ለማንም ትንፍሽ እንዳይልም ታዞ ነበር፤ የሲቪል መብት ጠበቆች ተሟግተውለት ነው ሰነዱ ይፋ የሆነው። ድርጅቱ ማስረከብ የቻለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ አካውንቱ የተከፈተበትን ጊዜና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቀን። ስም የለም፣ የጓደኞች ዝርዝር የለም፣ መልእክት የለም። ብዙ ኩባንያ «ምስጢራችሁን እንጠብቃለን» ብሎ ቃል ይገባል። ቃል ግን ባለቤት ሲቀየር፣ ሕግ ሲቀየር ይታጠፋል። የሌለን ነገር ግን ማንም ከየትም አያመጣውም።

በዚህ ጉዳይ ከአንድ የሕግ ባለሙያ ባልደረባዬ ጋር ብዙ ጊዜ ተከራክረናል። እሳቸው የሚሉት፣ «ልጄ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤት ይፈተሽ የለም ወይ? የስልክ መልእክት ከቤት በምን ይበልጣል? ልጅ የተጠለፈበት ወላጅ ቢመጣ ምን ትይዋለሽ?» ነው። ከባድ ጥያቄ ነው፤ በቀላሉ አላልፈውም። መልሴ ግን ይኸው ነው፦ ጋሼ፣ ሲግናል ፍተሻን አላስቀረም። ዳኛ ያዘዘበት ስልክ ይያዛል፣ ይመረመራል። ስልኩ ተከፍቶ ከተገኘ ውስጡ ያለው ሁሉ ይነበባል። ሲግናል ያስቀረው የሁሉንም ሰው ስልክ በአንድ ጊዜ የሚከፍት ቁልፍ አንድ ቦታ መቀመጡን ነው።

እንዲህ ያለ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚወድቅ ደግሞ አይታወቅም። በ2004 እና በ2005 ግሪክ ውስጥ የሆነውን አስታውሱ። የሞባይል ኔትወርኩ ውስጥ ስልክን በሕግ ፈቃድ ለማዳመጥ የተሠራ ሥርዓት ነበር። ያልታወቁ ሰዎች ሰብረው ገቡና ከ100 በላይ ስልኮችን አዳመጡ። ከተጠለፉት አንዱ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ስልክ ነው። የአገር መሪን ያላዳነ ጥበቃ የእኔን ደንበኛ ያድናል ብዬ አላምንም።

ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሌላ ነው የሚለው። «እትዬ፣ እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» ይለኛል። እኔ ግን በየቀኑ የሰው ገመና ስለማይ በዚህ አልስማማም። ዕዳ ወንጀል አይደለም። ሕመም ወንጀል አይደለም። ሥራ ለመልቀቅ ማሰብም ወንጀል አይደለም። ግን ሦስቱም አሠሪ፣ አበዳሪ ወይም ኢንሹራንስ ጋ ቢደርሱ ሰውየውን ይጎዱታል። የ1948ቱ ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫም በአንቀጽ 12 የሰውን የግል ሕይወትና መጻጻፍ ከዘፈቀደ ጣልቃ ገብነት ሲጠብቅ ጥፋተኛና ንጹሕ ብሎ አልለየም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ነጻ የሚባል ነገር ሳይ ወጪው በማን ደብተር ላይ እንደተመዘገበ መፈለግ የሙያዬ ልማድ ነው። ሲግናል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። በ2018 ከዋትስአፕ መሥራቾች አንዱ የሆነው ብራያን አክተን 50 ሚሊዮን ዶላር መነሻ ገንዘብ አቀረበለት። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ድርጅቱ ወጪውን በግልጽ ዘረዘረ። ለሰርቨር፣ ለማከማቻ፣ ለመስመርና ለመሳሰለው በዓመት 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይወጣ ነበር። ከዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮን ገደማው ይሄድ የነበረው ስትመዘገቡ በኤስኤምኤስ ለምትቀበሉት የማረጋገጫ ኮድ ነው። ሳየው ደነገጥኩ። ከማከማቻውም ከሰርቨሩም በላይ የሚያስከፍለው ያቺ አጭር ኮድ ናት። ደመወዝና ሌላው ሲጨመር በ2025 ጠቅላላው ወጪ በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ይደርሳል ብለው ገምተው ነበር። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው ከልገሳ ነው። ማስታወቂያ ስለማይሸጥ ስለ እኔ ማወቅ አያተርፈውም። ለእኔ ከምስጠራው እኩል የሚያሳምነኝ ይህ ነው። ስጋቴም እዚሁ ላይ ነው፤ ለጋሽ ሲደክም ምን ይሆናል? ሰርቨሩም ቢሆን ከትልልቅ ኩባንያዎች የተከራየ ነው። በኦክቶበር 2025 የአማዞን ሰርቨሮች ሲቋረጡ ሲግናልም አብሮ ተቋርጧል።

በጣም ቅር የሚለኝ የስልክ ቁጥሩ ነው። ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ የተጠቃሚ ስም ማውጣትና ቁጥርን ከሌላ ሰው መደበቅ ይቻላል። ጥሩ ለውጥ ነው። ለመመዝገብ ግን አሁንም ቁጥር የግድ ነው። ሲም ካርድ በመታወቂያ በሚወጣበት አገር ቁጥር ማለት ስም ማለት ነው። አጭበርባሪ እንዳይበዛ ይረዳል የሚለው ክርክር ይገባኛል፤ ሆኖም ሌላ መንገድ ሊፈልጉለት ይገባል። ያን ያህል ገንዘብ የሚበላውም ይኸው ቁጥር ነው።

መልእክት በራሱ እንዲጠፋ የሚያደርገውን አማራጭ እወደዋለሁ፤ በጥንቃቄ ግን። እኔ የአንድ ሳምንት ገደብ አደርጋለሁ። ሕግ አስቀምጪ የሚለኝን ሰነድ አስቀድሜ በደንበኛው ፋይል ውስጥ አስገባለሁ፤ የሚጠፋው ወሬው ነው። የመንግሥት ሥራ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። በማርች 2025 የአሜሪካ ከፍተኛ ባለሥልጣናት የመን ውስጥ ስለሚደረግ ጥቃት በሲግናል ቡድን ሲነጋገሩ በስህተት አንድ ጋዜጠኛ አስገብተው ነበር። ከመልእክቶቹ የተወሰኑት እንዲጠፉ የተዘጋጁ ነበሩ። ምስጠራው አልተሰበረም፤ በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ለእኔ ትልቁ ጥፋት ግን የሕዝብ ሥራ የተሠራበትን መዝገብ እንዲጠፋ ማድረጋቸው ነው። የግል ሰው ምስጢሩን ይጠብቅ። በሕዝብ ስም የሚወስን ሰው ግን የወሰነውን ማስቀመጥ አለበት። ለዚህ ሥራ ሲግናልን ለማንም ባለሥልጣን አልመክርም።

ለሌላው ግን እመክራለሁ። ስትጭኑት ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ፒን አውጡና የምዝገባ መቆለፊያውን አብሩ። ያኔ ቁጥራችሁን በእጁ ያስገባ ሰው እንኳ ያለ ፒኑ በእናንተ ስም መመዝገብ ይቸግረዋል። መልእክት ሲመጣ ጽሑፉ በተቆለፈው ስክሪን ላይ እንዳይታይም አድርጉ፤ እኔ ደንበኞቼን ሁሉ መጀመሪያ የማስደርጋቸው ይህን ነው።