ከኮምቦልቻ ገበያ የገዛሁት የዱባ ዘር
ባለፈው ጥቅምት ኮምቦልቻ ገበያ ከአንዲት እናት የገዛሁት የዱባ ዘር፣ ከሥጋው ተለይቶ በንጹሕ ውኃ ከታጠበ በኋላ ሰፌድ ላይ በጥላ የደረቀ በመሆኑ፣ ቀደም ሲል ከሌላ ሻጭ ወስጄ ሻግቶ ከጣልሁት ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም። በጣቴ ሳጥፈው አልተለመጠም፤ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ የመድረቁ አስተማማኝ ምልክትም ይህ ነው። በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ የተሰጣ ዘር ፈጥኖ ቢደርቅም፣ ከ35 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት የመብቀል ኃይሉን ያዳክማል፤ እኒህ እናት ይህንን ጠንቅቀው ያውቃሉ። እኔም ደሴ ወስጄ፣ ብርዱ ለዘር ማቆያ ስለሚያመች፣ ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ ጨለማ ቦታ አኖርሁት፤ ሰኔ ላይ ከዘራኋቸው 10 ፍሬዎች 9ኙ በቀሉ። ቅር ያሰኘኝ ዘሩ የተሰበሰበበት ዓመት አለመጻፉ ብቻ ነው፤ በደንብ የተያዘ የዱባ ዘር ከ4 እስከ 6 ዓመት ስለሚቆይ፣ ዕድሜውን ማወቅ እወድ ነበር።