ስልኬ ቦታ ሲስት፦ ከደሴ ኮምቦልቻ በተመላለስኩባቸው ዘጠኝ ወራት ያየሁት

ይህን መካከለኛ ዋጋ ያለው የአንድሮይድ ስልክ የገዛሁት ባለፈው መስከረም ሲሆን፣ ዋናው ምክንያቴም ሥራዬ ነበር። የማቀዝቀዣና የውሃ ፓምፕ ጥገና ስለምሠራ በሳምንት አራት አምስት ቀን በሞተር ሳይክል ከደሴ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። ደንበኞቼ ቤታቸውን የሚያስረዱኝ በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይደለም፤ «ከመስጊዱ አለፍ ብሎ» ይሉኛል፣ አለዚያም በቴሌግራም ሎኬሽን ይልኩልኛል። ስለ ካሜራውና ስለ ድምፁ ሌሎች ይጻፉ፤ እኔ የምጽፈው ስልኩ ያለሁበትን ቦታ በትክክል ስለማወቁና መንገድ ስለመምራቱ ብቻ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ስልኩን ለመመለስ ደርሼ ነበር። ኋላ ላይ እንደተረዳሁት ግን «ጂፒኤሱ አይሠራም» የምንለው ነገር ብዙ ችግሮች በአንድ ስም የሚጠሩበት ነው፤ መንስኤው ሳይለይ ሴቲንግ መነካካት ደግሞ ጊዜ ከመፍጀት በቀር የሚፈይደው የለም።

ይህን መጀመሪያ ያስተማሩኝ ኮምቦልቻ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ማቀዝቀዣቸው ቆሞባቸው ሎኬሽን ላኩልኝ፤ እኔም ሞተሩን አስፋልቱ ዳር አቁሜ፣ በካርታው ላይ ያለችው ቀስት ወደምታሳየኝ አቅጣጫ በእግሬ ሄድኩ። ጥቂት ቆይተው ደወሉ።

«ልጄ፣ ቅድም ደርሻለሁ አላልከኝም?»

«እትዬ፣ ስልኩ በዚህ በኩል ነው ስላለኝ ወደ ታች እየወረድኩ ነው።»

«ወደ ቦርከና ወንዝ ወርደህ ምን ልታደርግ ነው? ቤቴ ከአስፋልቱ በላይ ነው፤ ተመለስ።»

ቆም ብዬ ስመለከት ሰማያዊዋ ነጥብ ያለሁበት ትክክለኛ ቦታ ላይ ነበረች፤ የተሳሳተችው ቀስቲቱ ብቻ ነበረች። ነጥቧ የምትመጣው ከሳተላይት ነው፤ ቆመን ወይም በዝግታ ስንራመድ ቀስቲቱን የሚያዞራት ግን በስልኩ ውስጥ ያለው ኮምፓስ ነው፤ ኮምፓሱም የምድርን ደካማ የማግኔት ኃይል የሚለካ ስስ መሣሪያ ነው። እኔ ደግሞ ስልኩን ከገዛሁበት ዕለት ጀምሮ ክዳኑ በማግኔት የሚዘጋ ከቨር አልብሼው ነበር። ከቨሩን አውልቄ፣ ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥርን ቅርጽ እያስያዝኩ ደጋግሜ ሳዞረው ቀስቲቱ ተስተካከለች። ሞተር ላይ ሆኜ ችግሩ ያልታየኝም መተግበሪያው በፍጥነት ስንጓዝ አቅጣጫውን የሚያሰላው ከነጥቧ እንቅስቃሴ ስለሆነ ነው። ማግኔት ያለው ከቨር ወይም ሞተር ላይ የሚገጠም የስልክ መያዣ የሚጠቀም ሁሉ ስልኩን ከመውቀሱ በፊት አንድ ጊዜ አውልቆ እንዲሞክር አጥብቄ እመክራለሁ።

ሁለተኛው ችግር የበለጠ አስደንግጦኛል። ደሴ ፒያሳ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ካርታውን ብከፍት አዲስ አበባ እንዳለሁ አሳየኝ፤ በመኪና መንገድ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስህተት መሆኑ ነው። ከሱቁ ወጥቼ ጥቂት ስቆይ ነጥቧ ወደ ደሴ ተመለሰች። ባለሱቁን ስጠይቀው የዋይፋይ መሣሪያው በቅርቡ አዲስ አበባ ካለው ሱቃቸው የመጣ መሆኑን ነገረኝ። ስልክ ቤት ውስጥ ሆኖ የሳተላይት ሲግናል ሲያጣ በዙሪያው ያሉ የዋይፋይ መሣሪያዎችን መለያ አንብቦ ቀድሞ ከተመዘገበ ቦታቸው ጋር ያስተያያል፤ መሣሪያው ከተማ ቀይሮ መዝገቡ ካልታደሰ ስልኩም የድሮውን ቦታ ይናገራል። ከሎኬሽን ሴቲንግ ውስጥ የዋይፋይ ፍለጋን ማጥፋት ይቻላል፤ እኔ ግን ቤት ውስጥ በሌላ ጊዜ ስለሚጠቅመኝ አላጠፋሁትም፤ ወደ ደጅ ወጥቶ ሰማይ ማየት ይበቃል።

ሰማይ ማየት ስል እንዲሁ ለአነጋገር አይደለም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ስለሚዞሩ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ሲግናላቸው እጅግ ደካማ ነው፤ ስልኩ ያለበትን ቦታ ለማስላት ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች መስማት አለበት። ዳታ ሲኖር ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ የሚገልጸውን መረጃ ከኢንተርኔት በሰከንዶች ያወርዳል፤ ዳታ ከሌለ ግን ያንኑ መረጃ በጣም በዝግታ፣ በሰከንድ 50 ቢት ብቻ ከሚልኩት ከሳተላይቶቹ ከራሳቸው ይቀበላል፤ ይህም ሲግናሉ ሳይቆራረጥ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ሐረጎ ላይ፣ አንዱ ወገን ተራራ በሆነበት ጠመዝማዛ ውስጥ፣ እየተጓዙ መተግበሪያ መክፈት ለዚህ ነው የሚያስቸግረው፤ በየመታጠፊያው ሲግናሉ ይቆረጣል። አሁን ከቤት ሳልወጣ፣ ዳታ እያለኝ፣ ግቢ ውስጥ ቆሜ ነጥቧ እስክትረጋ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሐረጎ ላይ ጠፍታብኝ አታውቅም።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ የስልኩ ጥፋት አይደለም። ስልኩን በትክክል የምወቅሰው በባትሪ አያያዙ ነው። ስክሪኑ ሲጠፋ የካርታውን መተግበሪያ እኔን ሳያስታውቅ ያቆመዋል፤ ከደሴ ስነሳ ያስጀመርኩት የድምፅ ምሪት መንገድ ላይ ጸጥ ይላል፣ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክም ኮምቦልቻ ከደረስኩ በኋላ ገና ሐረጎ ላይ እንዳለሁ ያሳያል። መፍትሔውን ለማግኘት አንድ ወር ፈጅቶብኛል፦ በመተግበሪያው የባትሪ ሴቲንግ ውስጥ «ያልተገደበ» የሚለውን መምረጥ፣ ባትሪ ቆጣቢውን በጉዞ ጊዜ ማጥፋት፣ የሎኬሽን ፈቃዱም በግምት ሳይሆን በትክክለኛ ቦታ ላይ መሆኑን ማረጋገጥ። የግምት ፈቃድ ብቻ የተሰጠው መተግበሪያ የሚያውቀው 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን አካባቢ ነው፤ በዚያ ደግሞ ቤት አይገኝም። ይህን ሁሉ ካስተካከልኩ በኋላ ያስቀየመኝ ነገር ቢኖር የስልኩ ሶፍትዌር በታደሰ ቁጥር የባትሪው ምርጫ ወደ ነበረበት መመለሱ ነው፤ እስካሁን ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል።

የካርታው ስህተት ሌላ ጉዳይ ነው። በጦሳ ተራራ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች ውስጥ ካርታው መንገድ ብሎ የመራኝ አንዱ ቀጭን መስመር ለእግረኛ የተሠራ የድንጋይ ደረጃ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስልክ መቀየር ይህን አያስተካክልም። ያለ ዳታ የሚሠራውን ኦርጋኒክ ማፕስ የተባለ የካርታ መተግበሪያ ጭኜ የምጠቀመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ካርታው ማንም ሰው ከሚያርመው ከኦፕንስትሪትማፕ የተወሰደ ስለሆነ፣ በሥራ አጋጣሚ የማውቃቸውን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ማታ ማታ እየጨመርኩበት ነው።

ከዘጠኝ ወር በኋላ ያልተፈታ አንድ ነገር ቀርቷል። ፒያሳ ላይ በፎቆች መካከል ሳልፍ ነጥቧ ወደ ማዶው መንገድ ትዘላለች፤ ሲግናሉ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ስለሚደርስ የተጓዘው ርቀት ከእውነተኛው የረዘመ ይመስላል። ኤል1 በተባለው የሳተላይት ሞገድ ላይ ብቻ ከሚሠራ እንደ እኔ ካለው ስልክ ይልቅ ኤል5 የተባለውን ሌላ ሞገድ ጨምሮ የሚቀበል ስልክ ይህን ስህተት በተሻለ ሁኔታ ይለያል። እኔ ስገዛ ይህን አላወቅሁም ነበር፤ ባውቅ ኖሮ ጥቂት ጨምሬ ያንን እገዛ ነበር። ሥራው በአብዛኛው በሐረጎና በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ለሆነ ሰው ግን ይህ ስልክ ይበቃል፤ እኔም አልሸጠውም።